በቅዳሜ በርጫ ያቀድነው ባሕር

ሰው የሚጸጸተው ሄዶ በተበላሸበት ጉዞ ነው። እኔና ባለቤቴ የምንጸጸተው ባልሄድነው ነው፤ ያውም ሳናቅድ ቀርተን ሳይሆን ከልክ በላይ አቅደን። ከጭሮ ሰው የኢስታንቡልን ዳገትና ቁልቁለት ከእኛ በላይ የሚያውቅ አልነበረም ብል አላጋነንኩም። ከጀልባው ወርደን በየት በኩል እንደምንወጣ፣ እሷ ሲደክማት የት እንደምናርፍ፣ የትኛውን ቤተ መንግሥት በስንተኛው ቀን እንደምናይ ተስማምተን ጨርሰን ነበር። አንዳንዱን ከተማማ ሳናየው ተሰላችተንበታል።

እኔ የታሪክ መምህር ነኝ። ከጎጃም ስመደብ መጀመሪያ የደረሰኝ የሐረርጌው መቻራ ነበር፤ ቡናው እንጂ መንገዱ የማይመሰገን አገር። ከዚያ ወደ ጭሮ ተዛወርኩ፤ አሮጌዎቹ ሰዎች ዛሬም አሰበ ተፈሪ ይሏታል። ባለቤቴ ሂርና ተወልዳ ያደገች ነርስ ናት። ከተማው እኔን ቲቸር፣ እሷን ሲስተር ይለናል፤ ስማችንን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍል ብቻ ነው። ኦሮምኛና አማርኛ እኩል ትናገራለች፤ ከእኔ ጋር ኦሮምኛ ካወጣች ግን ተጣልተናል ማለት ነው። ልጅ አልወለድንምና ቅዳሜ ከሰዓት ቤታችን ጸጥ ይላል።

ነገሩን የጀመረው አንድ አሮጌ ካርታ ነው። ትምህርት ቤታችን ዕቃ ግምጃ ቤት ሲያጸዳ ሊጣል የነበረውን የዓለም ካርታ ለምኜ ወሰድኩና ሳሎን ሰቀልኩት። ፀሐይ በልቶት ባሕሩ ሁሉ የታጠበ ነጠላ መስሏል። ባለቤቴ ከሥራ ስትመለስ የነጭ ጋውኗን ቁልፍ እየፈታች ፊቱ ቆመች።

«ይሄ ሁሉ ውሃ ነው?» አለችኝ።

«ውሃ ነው።»

«ማዶው አይታይም?»

«አይታይም።»

ሂርና በተራራ መሃል ያለች የመንገድ ከተማ ናት። ባለቤቴ ከክረምት ጎርፍ የሚበልጥ ውሃ አይታ አታውቅም። «እኔ እንግዲህ ሳልሞት ማዶ የሌለው ውሃ ፊት መቆም እፈልጋለሁ» አለች። ከዚያ በፊት ከእኔ የለመነችው አንዳች ነገር ትዝ አይለኝም። እኔም ብሆን የቁስጥንጥንያን ግንብና የእስክንድርያን መብራት ቤት ጠመኔ ይዤ ስንት ዓመት ያስተማርኩት ሳላየው ነው። የእሷ ባሕርና የእኔ አሮጌ ከተሞች እንዲህ ባንድ ካርታ ላይ ተገናኙ።

በሐረርጌ ቅዳሜ ከሰዓት ማለት በርጫ ማለት ነው። ምሳ ይበላል፣ ፍራሽና መከዳ ይዘረጋል፣ ውሃው፣ ለውዙ፣ ሻይ የያዘው ፔርሙዝ ይቀርባል፣ ጫቱ ከእርጥብ ጨርቁ ይወጣል። መጀመሪያ ሰው ይቀላለዳል፤ ቀጥሎ የጫቱ ምርቃና ይመጣና ሁሉም ሰው ማቀድ ይጀምራል። በምርቃና ያልተሠራ ፎቅ፣ ያልተከፈተ ፋብሪካ ጭሮ ውስጥ የለም። ታዲያ ሲመሻሽ ሰዉ ዝም ይላል፣ ገራባው፣ ማለት የተጣለው ቅጠል ይጠረጋል፣ ዕቅዱም አብሮት ይጠረጋል። እሑድ ጠዋት «ፎቁ የት ደረሰ?» ብሎ የሚጠይቅ ነውረኛ የለም። የአገሩ ሕግ ይህ ነው፤ ሰው የሚኖረውም በእሱ ነው። ከሌላ አገር የመጣሁት እኔ ሕጉ አልገባኝም ልበል፤ ሂርና ተወልዳ ያደገችው እሷ ግን ምን ሆና እንደረሳችው እስካሁን አላውቅም። የእኛ ዕቅድ ከገራባው ጋር አልተጠረገም። ቅዳሜ ያቆምንበትን የሚቀጥለው ቅዳሜ እንቀጥላለን።

መጀመሪያ ኢስታንቡል ብቻ ነበር። እዚያ ከተደረሰማ ኢዝሚር ለምን ይቀራል አልን፤ ባሕሩ ከደጃፍ የሚጀምርበት ከተማ ነው ተብሎ ተጽፏል። ከኢዝሚር ማዶ ደግሞ የግሪክ ደሴቶች አሉ፤ ከደሴቶቹ አቴና፣ ከአቴና ኔፕልስ፣ ከኔፕልስ ቬኒስ፣ በመመለሻ እስክንድርያ። በምርቃና ከተማ መጨመር ቀላል ነው፤ መቀነስ ግን የሚቻል አይደለም። እኔ ስለ ግንቡና ስለ ገበያው እያነበብኩ እነግራታለሁ፤ እሷ ደግሞ የሚጠቅመውን ትጠይቃለች። ሽንት ቤቱ የት ነው፣ ዳገቱ ለጫማ ይመቻል ወይ፣ ጾም ላይ ከደረስን ምን እንበላለን። በዚህ በመጨረሻው በደንብ ተጣልተናል። እኔ ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ ዓሣ ሳይበሉ መመለስ ግፍ ነው አልኩ። እሷ ጾም ጾም ነው አለች። ላልቀረበልን ዓሣ ሁለት ቀን ተኳረፍን፤ በመጨረሻ በኦሮምኛ የልቧን ተናግራ ወደ አማርኛ ስትመለስ ታረቅን።

«ለመሆኑ ባሕር ዳር ሰዎች ምን ይሠራሉ?» ብላኝ ነበር አንድ ቅዳሜ።

«ይቀመጣሉ።»

«ከዚያስ?»

«ውሃውን ያያሉ። ያወራሉ። ሲመሽ ወደ ቤት ይገባሉ።»

«በርጫ ነው በለኛ» አለች፤ ሁለታችንም እስኪበቃን ሳቅን።

አብረውን የሚቀመጡ አንዲት ጎረቤታችንም ሳቁ። ድሮ ጨርቃ ጨርቅ ይነግዱ የነበሩ፣ ሐጅ አድርገው የመጡ እናት ናቸው። ከግቢያቸው ወደ ግቢያችን የምታስገባ ትንሽ በር አለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በዚያች ይመጣሉ። ጫቱን ሳይነኩ አስቀድመው ዱዓ ያደርጋሉ፣ እኛም አሜን እንላለን። ከሦስታችን ባሕር ያዩት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ እሱንም ከአይሮፕላን።

«ሰማይ መስሎኝ ነበር» ይላሉ። «ከታች ሰማይ፣ ከላይ ሰማይ። ፈራሁ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። እናንተ ግን ምን ያረግላችኋል ይሄ ሁሉ አገር? ሚኤሶ ውረዱ። ባቡር ያዙ። ጅቡቲ ሂዱ፣ ባሕሩን እዩ፣ ኑ። ኸላስ፣ በቃ።»

ሚኤሶ ከእኛ ቁልቁል ወርዶ ቆላው ላይ ያለ ከተማ ነው። ጠዋት ሚኒባስ የያዘ ሰው ጎኑን ሳይደክመው ይደርሳል፤ ወደ ባሕር የሚወርደው ባቡርም እዚያ ይቆማል። ይህን እናውቅ ነበር። ግን የጅቡቲ ባሕር በእኛ ቤት እንደ ባሕር አይቆጠርም፤ ጨርቅና ሩዝ የሚመጣበት በር ነው።

«እማማ፣ እሱማ የነጋዴ ባሕር ነው» አለቻቸው ባለቤቴ። «መጀመሪያ የማየው ባሕር ደኅናው ይሁንልኝ።»

«ባሕር ደኅናና ክፉ አለው እንዴ፣ ሲስተር?» አሉ እሳቸው። እኔ ግን ከባለቤቴ ጋር ነበርኩ።

ፓስፖርታችን የወጣ ዓመት ነገሩ እውነት መሰለ። የዓመት ፈቃዳችንን ከመሥሪያ ቤት ጠየቅን፣ ተፈቀደልን። ጎረቤታችን ይህን ሲሰሙ በማግስቱ ማለዳ በትንሿ በር መጡ። አልቀመጥም አሉ። በእስላሙ ዘንድ ባሕር የሚሻገር ሰው ከመሄዱ በፊት በየቤቱ እየዞረ ይቅርታ ይጠይቃል፣ አፉ በሉኝ ይላል። እኛ ሳንዞር ስንቀር አላወቁም ብለው ራሳቸው ጀመሩልን።

«አፉ በሉኝ» አሉ ቆመው። «ጎረቤት ነን። እጣቢ ደፍቼ በራችሁን አጨቅይቼ ይሆናል። በልቤ አምቼ ይሆናል።»

«አፉ ብለናል፣ እማማ። እርስዎም አፉ ይበሉን» አልኩ እኔ፤ ሥርዓቱን እንዳላበላሽ ፈርቼ ቃላቸውን ደገምኩ።

እሳቸው አለቀሱ። ከዚያ ባለቤቴን እጇን ይዘው ሰፈሩን ሁሉ ቤት ለቤት አዞሯት፤ እኔ ከኋላ እከተላለሁ። ለሽርሽር ነው የምንሄደው ብለን ብናስረዳ የሚሰማን አልተገኘም። ከእኛ ሰፈር ሰው ባሕር የሚሻገረው ወይ ለሐጅ፣ ወይ ለሥራ፣ ወይ ለሕክምና ነው። እንደኛ ደህና ሆኖ፣ ተድላ ፍለጋ ሄዶ፣ ደግሞ ተመልሶ ክፍል ገብቶ የሚያስተምር ሰው አላዩም። «እሺ፣ ትመለሳላችሁ» እያሉ ያቅፉናል፤ በዓይናቸው ግን ለዘላለሙ እየተሰናበቱን ነው። ጫት የሚጭን አንድ ልጅ እግር ጎረምሳ ቤቱን ለማን እንደምንተወው በትሕትና ጠየቀኝ።

ከዚያ የመጨረሻዋ ቅዳሜ መጣች። በሳምንቱ አዲስ አበባ ሄደን ትኬቱን ልንጨርስ ነው። ጎረቤታችን እንግዳ ነበረባቸውና ሁለታችን ብቻ ነን። ካርታውን ከግድግዳ አውርደን ፍራሹ መሃል ዘርግተን ቀኑን ከተማ በከተማ ስንቆጥር ፈቃዳችን ለደሴቶቹና ለቬኒስ ባንድ ላይ እንደማይበቃ ታየን። ጤነኛ ሰው አንዱን ይተዋል። እኛ ግን ምርቃናው ላይ ነበርን።

«የሚቀጥለውን ዓመት ፈቃድ ብንጨምርበትስ?» አልኳት። «ሁለቱም ይገባሉ። እስክንድርያም ሳንቸኩል እንቀመጣለን።»

ፊቷ በራ። «አንድ ዓመት ምን አላት?» አለች። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ።»

ጉዞውን ለከርሞ አሳልፈን ደስ ብሎን አደርን። እሑድ ጠዋት ሰው ወደ ልቡ ይመለሳል ይባላል፤ እኛ አልተመለስንም። ገራባውን ጠርጌ ስጥል ያቺን ዕቅድ አብሬ ብጥላት ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። ጥፋቱን ሁሉ በጫት ላላክክ ብል ደግሞ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሆንብኛል። ብዙ ሰው ጫት ቅሞ ትኬት ቆርጦ ሄዷል።

አፉ ተባብሎ ሳይሄዱ መቅረት ምን ያህል እንደሚያሳፍር ያየው ያውቀዋል። ያለቀሱልን ሰዎች ገበያ ላይ ቲማቲም ስንመርጥ ያገኙናል። አንዳንዱ ከአውሮፕላን ማረፊያ የተመለስን መስሎት ያጽናናናል። ጎረቤታችን ብቻ ምንም አላፈሩም።

«አፉ ተባለ፣ ተባለ» አሉን። «እሱ መልስ የለውም። እናንተ ብቻ ሂዱ።»

በሚቀጥለው ዓመት እናቴ ጎጃም አረፈች፤ ፈቃዴ በእሷ ሐዘን አለቀ። በዚያ ላይ መንገዱ ጥሩ አልነበረም፣ ኑሮውም ተወደደ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን መጓዛችን አልቀረም። እንዲያውም ማልታን ጨምረናል።

ባለቤቴ ከጎን የማቀብላትን ሻይ መሳት የጀመረችው በዚያ ጊዜ ነው። ስኒውን ስዘረጋላት አታየውም፤ ፊቷ ሳመጣው ትደነግጣለች። የበሩ መቃን ትከሻዋን ይመታት ጀመር። «ሐሳብሽ ኢዝሚር ነው» ብዬ አሾፍኩባት፣ እሷም ሳቀች። የሰው ዓይን ስትመረምር፣ የሰው ግፊት ስትለካ የኖረች ሴት የራሷን ድካም ነው አለች፣ እኔም አመንኳት። አዲስ አበባ የሄድነው አንድ ቀን ክሊኒክ ውስጥ ጎኗ የተቀመጠውን በሽተኛ ሳታየው ተደናቅፋበት ስትወድቅ ነው።

ሐኪሙ ግላኮማ ነው አለን። የዓይን ብርሃንን ከዳር ዳር እየበላ ወደ መሃል ይገባል፤ የሄደው አይመለስም፣ ጠብታው የቀረውን ለማቆየት ነው። የእሷ ደግሞ ብዙ ሄዷል። እሷ አንገቷን እየነቀነቀች ሰማችው፤ ራሷ ለሌሎች ስትናገረው የኖረችው ነገር ነው። ስንወጣ ደረጃው ላይ ተቀመጠችና፣ «ምነው ለሰው ስነግር እንዲህ አይከብድም ነበር» ብላ አለቀሰች።

ከሆስፒታሉ በቀጥታ እጇን ይዤ ወደ አንድ ባሕር፣ ወደየትኛውም ባሕር መሮጥ ነበረብኝ። ያን ጊዜ ገና ከፊቷ ያለውን ታይ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው እንጂ ዛሬ ይህ ግልጽ ነው። ያን ጊዜ ግን ጠብታ ፍለጋ፣ ቀጠሮ፣ ቀዶ ሕክምና፣ እንደገና ቀጠሮ ሆነ፤ ያለን ፈቃድና ያለን ጥሪት እዚያው ገባ። እሷም ተቆጥታ ነበር። ማንን እንደምትቆጣ ሳታውቅ፣ «ያን ካርታ አውርድልኝ» አለችኝ፤ በኦሮምኛ ነው ያለችኝ። ጠቅልዬ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አቆምኩት።

በርጫው ቀጠለ፤ ማንም ግን አያቅድም። ጎረቤታችን የድሮ ገበያ ያወራሉ፣ እኛ እንሰማለን። ከመስኮቱ ብርሃን የእኔን ጥላ ከመለየት ያለፈ እንዳልቀረላት ባወቅሁበት ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ ቅጠሉን ጭኗ ላይ እየዳሰሰች ሳለ ድንገት እጇን አቆመች።

«ቲቸር» አለችኝ፤ ደስ ሲላት ነው እንዲህ የምትለኝ። «የእማማን ባቡር እንያዝ እስኪ።»

ጎረቤታችን ቀና ብለው አዩን። ባለቤቴ እጇን ወደ ሴትዮዋ ድምፅ ዘርግታ፣ «እንግዲህ አፉ ይበሉኝ» አለቻቸው።

«ብዬሻለሁ ድሮ» አሉ እጇን ይዘው። «እሱ አያረጅም።»

ወረቀቱን ጨርሰን ሄድን። ሚኒባሱ ቁልቁል ሲወርድ ጆሮአችን ተደፈነ፣ ሙቀቱ ተቀበለን። አሰቦት ገዳም የሚሄዱ ምእመናን አብረውን ተሳፍረው ነበር፤ አንድ አንድ ከረጢት ዳቦ ይዘዋል። መቼ ለመሄድ እንዳሰቡ አንዲቷን ብጠይቃት፣ «ትናንት ማታ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ እስከ ሚኤሶ የእኛን ዓመታት ስቆጥር ወረድኩ። ባቡሩ ላይ ባለቤቴን መስኮት አጠገብ አስቀመጥኳት። ፀሐዩ ፊቷ ላይ ሲመጣና ሲሄድ መታጠፊያውን ትቆጥር ነበር።

ጅቡቲ በደረስን ማግስት ከሰዓት ታክሲ ይዘን ባሕሩ ዳር ወረድን። ዝቅ ያለ ግንብ አለ፤ ሰዎች ይቀመጡበታል። ክንዷን ይዤ እስከ ግንቡ ወሰድኳት፣ ከዚያ ቀና ብዬ አየሁ። ባሕሩ አልነበረም።

ባሕር ከዳርቻው እንደሚሸሽና እንደሚመለስ በመጽሐፍ አውቃለሁ። እኔ በመጣሁበት ሰዓት ይሸሻል ብዬ ግን አላሰብኩም። ከፊታችን የተዘረጋው ጥቁር ጭቃ ነው። ጀልባዎች በጎናቸው ተኝተውበታል፣ የውሃ ኮዳ ፕላስቲክ ተበትኖበታል፣ ረጃጅም እግር ያላቸው ወፎች ይለቅሙበታል። ውሃው ከሩቅ እንደ ክር ይታያል። አገር ያካለለ ወሬ ሳወራላት ኖሬ ያደረስኳት እዚህ ነው።

«ደረስን?» አለችኝ።

«ደረስን።»

ክንዴን ለቀቀችና ልብሷን አስተካከለች፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አደላደለች። ሰው ፊት እንደምትቀርብ ሆና ቆመች።

«ማዶው ይታያል?»

ከክሩ ወዲያ ጉም መሳይ ነገር ብቻ ነው ያለው። «አይታይም» አልኳት። እውነቴን ነበር።

«ቀለሙስ?»

ለእሷ የኢዝሚርን ውሃ ጠዋትና ማታ ለይቼ ነግሬያታለሁ። የቬኒስን ቦዮች፣ የደሴቶቹን ነጫጭ ቤቶች፣ ማዕበሉ ድንጋይ ሲመታ የሚያወጣውን አረፋ ሳይቀር ነግሬያታለሁ፤ አንዱንም አላየሁም። ያየሁት ባሕር ይህ ብቻ ነው፣ ለእሱ አንድ ቃል አጣሁ።

«ሰማያዊ ነው» አልኳት።

ነፋሱ ከጭቃው በኩል ይመጣ ነበር፤ ሽታውን ክረምት ከሂርና ወንዝ ታውቀዋለች።

«ጭቃ ይሸታል» አለች ቀስ ብላ።

«ውሃው ሸሽቷል» አልኩ፤ ከዚህ በላይ መዋሸት አቃተኝ። «ሲመሽ ይመለሳል ይላሉ። እንጠብቀው። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«አፉ ብያለሁ» አለች፤ ፈገግ ብላ ግንቡን በእጇ ዳስሳ ተቀመጠች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከጀርባችን መኪናው ይጮኻል፣ አንዲት ሴት ለውዝ ትሸጣለች። ሄጄ ለውዝ ገዛሁና በመዳፏ አስቀመጥኩላት።

«ውሃው እስኪመጣ ያንን የኢዝሚሩን ንገረኝ» አለችኝ።

«አሁን? እዚህ?»

«አዎ። ከኢስታንቡል ጀምር።»

ጀመርኩ። ከጀልባው አወረድኳት፣ ዳገቱን አወጣኋት፣ በደከማት ቦታ አሳረፍኳት፣ አሮጌውን ግንብ አሳየኋት። አንዳንዱን ስዘለው ታስታውሰኛለች። ፊቷን ወደ ድምፄ አዙራ፣ ለባሕሩ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ለውዙን እየፈለፈለች ነው የምትሰማኝ። ፀሐይ ስትጠልቅ ከሩቅ የነበረው ክር እየወፈረ መጣ። ጀልባዎቹ ቀና ቀና አሉ፣ ጭቃው ጠፋ፣ ውሃው እውነትም ሰማያዊ ሆኖ ግንቡን ከታች ይመታ ጀመር። ድምፁ ሲደርሳት የለውዝ እጇን አቆመች።

«መጣ?» አለችኝ።

«መጣ።»

«በል ቀጥል» አለችኝ። ገና ኢዝሚር አልደረስንም ነበር።